ማኅደርና ሳይመጣ የቀረው ሪፖርት

ገዳሪፍ ውስጥ ማኅደርን በስሟ የምንጠራት እኔና ወንድሟ ብቻ ነን። ሌላው ሁሉ ተሻለ ነው የሚላት። ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ፣ ሴት ልጅ ተሻለ ተብላ ስትጠራ ሲሰማ ከፉሉ ቀና ይልና ያያታል። እሷ ግን "አቤት" ብላ መንገዱን ትሻገራለች። መጀመሪያ ሰሞን እኔም ሳቄን መያዝ ያቅተኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፉል ቤቴ ፊት ለፊት ኢሀብ የሚባል ሱዳናዊ ሽርካ፣ ማለትም ድርጅት፣ አለው። በመኸር ጊዜ ሰሊጥ አጫጆችን ሰብስቦ በድንበሩ አጠገብ፣ ቁረይሻ በኩል ወዳሉት እርሻዎች ይልካል፤ ስንቃቸውንና ውሃቸውንም ያደርሳል። አጫጆቹ አብዛኞቹ የእኛው ልጆች ስለሆኑ፣ ስማቸውን በወጉ የሚጽፍ አንድ ሐበሻ ከኮምፒውተሩ ፊት ጠፍቶ አያውቅም። የመጀመሪያው ተሻለ የሚባል የጎንደር ልጅ ነበር። ወደ ሊቢያ ሊነሳ ሲል ሥራውን ለአገሩ ልጅ አወረሰ፣ ያም ሲሄድ ለሌላ አወረሰ። የስደተኛ ወግ ነው፤ ወንበር ያገኘ ሰው ባዶውን ትቶት አይሄድም። ተተኪውን ይዞ ይመጣል፣ ቁልፉን፣ የሚስጥር ቁጥሩንና የአለቃውን ጠባይ አስረክቦ ነው የሚወጣው። ኢሀብ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ተሻለ የሚል ስም ተጽፎ ያያል፣ አዲስ ስም መያዝም ሰልችቶታል፤ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሁሉ ተሻለ ይላል። ማኅደር ወንበሩን ከወረሱት የመጨረሻዋ ናት።

ከገንዳ ውሃ ተነስታ፣ ታናሽ ወንድሟን ቴዎድሮስን ይዛ፣ በገላባት በእግሯ ነው የገባችው። እናታቸው ስትሞት ልጁ ገና ጥርሱን እየነቀለ ስለነበር ያሳደገችው እሷ ናት። መጀመሪያ የእኔን ሳህን ታጥብ ነበር። አጣቢ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደሷ ያለ ግን አላጋጠመኝም። ሳህኑን አጥባ ከደረደረች በኋላ እንደገና አንስታ ታየዋለች። ንጹሕ ነው ብላት እንኳ አታምነኝም። እኔ የነገሩኝን ቶሎ የማምን ሴት ስለሆንኩ ይኼ ጠባይዋ ያበሳጨኝ ነበር። ፉሏን ቆማ ነው የምትበላው። ወንድሟን ግን አስቀምጣ፣ እንጀራ ከተገኘ እንጀራውን፣ ከጠፋም ዳቦውን ፊቱ ታደርግለታለች፤ እሱም ሃያ ዓመት አልፎት እንኳ ይህንኑ እንደ መብቱ ይቆጥረው ነበር። ሰሊጥ አጨዳ እሄዳለሁ ሲላት ለመነችው፣ አኮረፈችው፤ አልሰማትም። "ውሃውን የምትልኪው አንቺ፣ ምን እሆናለሁ?" ብሏት ሄደ።

ይህን ያለው በሪፖርቱ ተማምኖ ነው። በየካምቦው፣ ማለትም አጫጆቹ በሚሰፍሩበት ቦታ፣ አንድ ወኪል አለ። ወኪሉ ሰዎቹ የትኛው ማሳ እንደገቡና ስንት በርሚል ውሃ እንደቀራቸው በስልኩ ይሞላል፤ ኔትወርክ እስኪያገኝ ጉብታ ለጉብታ ይወጣና ይልከዋል። ኢሀብ ቢሮ ያለው ፕሮግራም ይህን ሁሉ ሰብስቦ፣ ማንም ሳይነካው፣ በየቀኑ ጎህ ሲቀድ አንድ ሪፖርት ለውሃ ቦቴው ሹፌር ይልካል። ሹፌሩ ባለቤቴ ጀማሉ ነው። እሱ ተቅሪር ይለዋል። ተቅሪሩን ያያል፣ ቦቴውን ይሞላል፣ ይሄዳል። አጨዳውን ጨርሶ ወደ ከተማ የተመለሰ ካምቦ ከተቅሪሩ ላይ ስሙ ይወጣል። ስለዚህ ጀማሉ አንድ ሕግ አለው፤ ተቅሪሩ ላይ የሌለ ሰው ገብቷል ማለት ነው።

ባለፈው ጥቅምት ማኅደር የስደተኛ ካርዷን ለማሳደስ ወደ ከሰላ ሄደች። ሄዳ ሳለች ሪፖርቱ ሰኞ ጠዋት አልመጣም። ማክሰኞም አልመጣ። በዚያው ሰሞን የሦስት ካምቦ አጫጆች አቧራቸውን እንደለበሱ በጭነት መኪና ሲገቡ አይተናል፤ ስለዚህ ጀማሉ መኸሩ አለቀ፣ አልሐምዱሊላህ ብሎ ቦቴውን ጥላ ሥር አቆመ። ባሌ ከዕረፍት ጋር ተጣልቶ አያውቅም። ዝምታ ወርቅ ነው የሚለውን ተረት ለእሱ ያወጡለት ይመስል፣ ስልኩ ዝም ባለ ቁጥር ፊቱ ይፈካል። እኔም እድሉን አግኝቼ የቤቴን ጥላ አሳደስኩት።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ማኅደር ከከሰላ አውቶቡስ ወረደች። ፊቷን ሳየው ካርዱ እንዳልታደሰ ገባኝ፤ ማደስ ቆሟል፣ ሌላ ጊዜ ነይ ብለዋት ነበር። ይህን እየነገረችኝ ሳለ ዓይኗ ጀማሉ ላይ አረፈ። መሰላል ላይ ወጥቶ ሚስማር ይመታል።

"ጋሼ ጀማሉ፣ ዛሬ አልሄዱም?" አለችው።

"ወዴት ልሂድ? ሰው ሁሉ ገባ እኮ" አላት።

"ማን ነው የገባው?"

ሦስቱን ካምቦዎች ጠራላት። ተቅሪሩ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው እሑድ ነው፣ ከዚያ ወዲህ የለም፣ ስለዚህ ሁሉም ገብቷል አላት። ማኅደር ሻንጣዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ቴዎድሮስ ያለበት የሩቁ ካምቦ እንደሆነ፣ ከጠራቸው ሦስቱ ውስጥ እንደሌለ፣ ጀማሉም እኔም በዚያች ቅጽበት ተረዳን። ጀማሉ ከመሰላሉ ሲወርድ መዶሻው ከእጁ ወደቀ። ለአንድ ካምቦ የሚራገፈው ውሃ በቁጠባ ቢጠጡት ሦስት ቀን ነው የሚያደርሰው። የጥቅምትን የቁረይሻ ፀሐይ ያየ ያውቀዋል፤ ዛፍ የለም፣ ያለው ሰሊጥና ሰማይ ነው።

የወኪሉን ስልክ ደወልን፤ ዝግ ነው። የቴዎድሮስም ዝግ ነው። ኢሀብን ከሰሊጥ ገበያው አስጠራሁት። ማኅደር ግን ማንንም አልጠበቀችም፤ ቢሮ ገብታ ላፕቶፑን አቅፋ ተመለሰች። መብራት ከትናንት ጀምሮ ጠፍቶ ስለነበር ባትሪው የቀረው ጥቂት ነው። ከእኔ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ጣሪያው ላይ በመኪና ባትሪ የሚሠራ የሳተላይት ሳህን አለ፤ ኢንተርኔት የሚፈልግ ሁሉ እሱ ደጃፍ ነው የሚኮለኮለው። የፉል ሳህኖቹን ገፋ አድርጌ ቦታ ሠራሁላት። ሕይወቴ ውስጥ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም፤ ልጁን የራሴን ፉል እያበላሁ አይደል ያሳደግኩት።

ፕሮግራሙን ስትከፍተው ሪፖርቱ አልጠፋም፤ እዚያው አለ። ጎኑ ላይ ግን በቀይ ጊዜው ያለፈበት ይላል። ከሥሩ ከዚህ በፊት የተላኩት ተደርድረዋል፤ የመጨረሻው የእሑድ ጎህ ነው። ማኅደር እሱን ስትከፍተው የሩቁ ካምቦ ሸጀራ በሚባለው ማሳ ላይ እንደነበር አሳየ።

ጀማሉ ይህን ሲሰማ ቆሞ አልጠበቀም። ቦቴው ውሃ የሞላ ነበር፤ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። ማኅደር ከኮምፒውተሩ ተነስታ ሮጠችና መኪናው ፊት ቆመች። የተሰበሰብነው ሁሉ ዞር በይ፣ ወንድምሽ በውሃ ጥም እየሞተ ነው እያልን ጮህንባት። ኢሀብም ያኔ ደረሰና፣ ልጅቷ በፀሐይ አበደች መሰለኝ፣ ከመንገዱ አውጡልኝ አለ።

እሷ ለጀማሉ ብቻ ነበር የምትናገረው። "በእሑዱ ሪፖርት አይሄዱም" አለችው። "ሸጀራ ትንሽ ማሳ ነው፣ ሰኞ ጨርሰው ለቀዋል። መንገዱ ሲከፈል ሸጀራ በግራ ነው። እነሱ በቀኝ ቢሆኑስ?"

ጀማሉ መሪውን እንደያዘ ቀረ። ያላለችውን እኔ ልንገራችሁ። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ናፍጣ የሚገኘው በመከራ ነው፤ ቦቴው ውስጥ ያለው አንድ ጊዜ ደርሶ መልስ ነው። በግራ ሄዶ ካጣቸው ወደ ቀኝ የሚያዞርበት የለውም። የድንበሩ ማሳ ውስጥ እየዞሩ ሰው መፈለግም አይታሰብም፤ የማያውቁት ታጣቂ ፊት ለፊት ከተገኙ ውሃ ልናደርስ ነው ማለት አይሰማም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ግን ካፈሰስን የምንለቅመው አልነበረንም። ጀማሉ ሞተሩን አጠፋ።

ኢሀብ ተቆጣ። ሸጀራ ካልሆኑ እንኳ ዱካቸው አይጠፋም፣ ይሂድ አለ። ቀጥሎም ማኅደርን ያዛት፤ ማን ከሰላ ሂጂ አለሽ፣ ወንበርሽ ላይ ብትኖሪ ይህ አይደርስም ነበር አላት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አልኩት በአማርኛ፣ ከዚያ በዐረብኛ ደግሞ ሪፖርቱ ያንተ ስልክስ ላይ አይመጣም ወይ፣ አንተስ አራት ቀን ምን ስታይ ከረምክ አልኩት። ማኅደር ሁለታችንንም አልሰማችንም፤ ተመልሳ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጣለች። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ሪፖርቱ ለምን እንደቆመ ነበር የምትፈልገው። ምክንያቱን ካላወቀች እንደገና ማስነሳት አትችልም።

የሪፖርቱን ቀጠሮ የያዘውን ገጽ ከፈተች። በየቀኑ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ለጀማሉና ለኢሀብ ይላል። ከታች እስከ መቼ የሚል መስመር አለ፣ ፊት ለፊቱም አንድ ቀን ተጽፎበታል፤ ያለፈው እሑድ። ማኅደር ይህን ማን ጻፈው አለች። ይህችን ወንበር ሲወራረሱ ሁሉን ነገር ተነጋግረዋል፣ የኢሀብ ሻይ ስንት ስኳር እንደሚፈልግ እንኳ ተነጋግረዋል፤ ይህችን ቀን ግን አንዱም ለአንዱ አልነገረውም።

እኔ ግን ቀኗን አወቅኳት። የመጀመሪያው ተሻለ ካርዱን ሲያወጣ ዋስ ሆኜ አብሬው የቆምኩት እኔ ነኝ፣ የእኔም የንግድ ፈቃድ ያን ዕለት ነው የታደሰው፣ ሁለቱም ወረቀቶች ላይ የተጻፈው ማብቂያ አንድ ነው። እንዴት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። እዚህ አገር እስከ መቼ ተብሎ የተጠየቀ ሐበሻ ካርዱን አውጥቶ ነው የሚያነበው። ፖሊሱ እስከ መቼ ይለዋል፣ የቤት አከራዩ እስከ መቼ ይለዋል፣ ስልክ ካርድ የሚሸጥለት እንኳ እስከ መቼ ይለዋል። ምስኪን ተሻለ፣ ኮምፒውተሩም እስከ መቼ ብሎ ሲጠይቀው ካርዱን አወጣና ያለችውን ቀን ጻፈለት። ከዚያ ቀን ወዲያ እዚህ እንዲኖር ማንም አልፈቀደለትማ፤ ሥራውስ ከእሱ አልፎ እንደሚቀጥል በምን ያውቃል? ይህን ስነግራት ማኅደር አልገረማትም። ራሷን ነቀነቀች፣ ቀኑን አጠፋችው።

ቦታው ባዶ ሲሆን ገጹ እንደገና እስከ መቼ አለ። ኢሀብ ከኋላዋ ሆኖ መኸሩ እስኪያልቅ በይው አላት። እኔ እጇን ነበር የማየው። ካርድሽን አናድስም የተባለች ልጅ፣ ከአውቶቡስ ከወረደች ገና ምኗም ያላረፈ። ከመስመሩ በታች ማብቂያ የለውም የምትል አንዲት ትንሽ ሳጥን ነበረች። ማንንም ሳትጠይቅ እሷን ነካቻት። ከዚያ አስቀምጥ የሚለውን ተጫነችው፣ ክቡ መዞር ጀመረ፣ ዞረ፣ ዞረ፣ ቀዩ ምልክት ጠፋ።

ሁላችንም ተነፈስን፣ እሷ ግን አልተነፈሰችም። ሪፖርቱ ተነስቷል፤ የሚወጣው ግን ነገ ጎህ ሲቀድ ነው። እስከ ነገ መጠበቅ አይቻልም። አሁን አውጣ የሚል ቦታ ነበረ፣ እሱን ስትጫነው ክቡ መዞሩን ቀጠለና ቆመ። ግንኙነት የለም አለ። እንደገና ሞከረች፤ እንደገና ቆመ። ባትሪው ቀይ አበራ። የሱቁ ደጃፍ ላይ በስልኩ የሚያወራው፣ የሚያየው፣ የሚልከው ሰው ብዙ ነበርና መስመሩ ተጨናንቋል።

ያን ጊዜ ማኅደር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋት። "ወንድሞቼ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ አላህ፣ ኢንተርኔታችሁን ዝጉልኝ። ሰው ውሃ ጠምቶት በረሃ ላይ አለ" አለች። በዐረብኛም ደገመችው። አንዱ የከሰላ ነጋዴ ሒሳቡን እያወራ ነበር፣ ቃሉን ሳይጨርስ ዘጋ። አንዲት ልጅ ካይሮ ካለች እናቷ ጋር ትነጋገር ነበር፣ እማ እመለሳለሁ ብላ ዘጋች። ባለሱቁም የራሱን አጠፋ። ደጃፉ ጸጥ አለ፤ የሚሰማው የእኔ ፉል ድስት ላይ ሲንተከተክ ብቻ ነው።

ማኅደር እንደገና ተጫነችው። ክቡ ዞረ። በመጨረሻ የጀማሉ ስልክ ደረት ኪሱ ውስጥ ነዘረ።

ተቅሪሩ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነበር። የሩቁ ካምቦ፣ ኾሩን ተሻግሮ፣ ከጀበሉ ጀርባ፤ ከደረቁ ወንዝ ማዶ፣ ከተራራው ኋላ፣ በቀኝ በኩል ማለት ነው። ወኪሉ የሞላው ማክሰኞ ማታ ነው። ውሃ የሚለው ሥር ግማሽ በርሚል ይላል። ማኅደር ከጀማሉ ትከሻ ጀርባ ሆና አነበበችው፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ግማሽ በርሚሉን ለስንት ሰው፣ ለስንት ቀን እያካፈለች እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ጠፋ።

ከጀማሉ ጋር ልትሳፈር በሩን ያዘች። ኢሀብና ጀማሉ በአንድ ቃል ከለከሏት፤ ካርዷ ካልታደሰ የመጀመሪያው ኬላ ላይ ያወርዷታል፣ መኪናውንም ያቆሙታል። በሩን ለቀቀች። ቦቴው አቧራውን አስነስቶ ሲሄድ ቆማ አየችውና ወደ እኔ ጓዳ ገብታ ሳህን ማጠብ ጀመረች። የታጠበውን ሁሉ እንደገና አጠበችው። ተይ አላልኳትም። ኢሀብ ወደ ገበያው አልተመለሰም፤ በርጩማ ስቦ እኔው ደጅ ተቀመጠ፣ ያቀረብኩለትን ሻይም አልጠጣውም። ብስጭቴ አልወጣልኝም ነበር፤ ያም ሆኖ አሳዘነኝ።

ቦቴው አርብ፣ ሰው ከጁምዓ ሲወጣ ነው የተመለሰው። ማኅደር ገና ድምፁን ስትሰማ ወጣች። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው፣ ቀጥሎ ቴዎድሮስን። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ነገር ግን በራሱ እግር ወረደ። ከእሱ ጀርባ ብርሁ የሚባል ጎልማሳ አጫጅ በጀማሉ ተደግፎ ወጣ፤ እሱ መቆም አልቻለም። ኢሀብ በራሱ መኪና ወደ ሐኪም ቤት ይዞት ሄደ።

ጀማሉ ነገሩን ነገረን። ኾሩን እንደተሻገረ አጫጆቹ ከወኪላቸው ጋር በእግራቸው ሲመጡ አገኛቸው። ውሃው ካለቀ በኋላ ቢጠብቁ ቦቴው አልመጣ ስላላቸው፣ ሐሙስ ሳይነጋ ካምቦውን ጥለው ወደ መንገድ ወጥተው ነበር። ቧንቧው ሥር አፋቸውን ከፍተው ተኙ አለ። እነዚያ ሁሉ ደህና ናቸው፣ ቁረይሻ አድርሷቸዋል። ከሁሉ የከፉት ሁለቱ ናቸው፤ እነሱ ካምቦው ላይ ቀርተው፣ ከዳስ ሥር ወድቀው ነው ያገኛቸው።

ለምን ቀሩ ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ ምነው አፌን በቆረጠው። ቴዎድሮስ ማኅደር የያዘችለትን ኩባያ ጠጥቶ ጨረሰና ፈገግ አለ።

"ሁሉም እንሂድ ሲሉ እኔ አልሄድም አልኳቸው" አለ። "ቦቴውን የምትልከው እህቴ ነች፣ ሰማይ ቢደፋ ሳትልክ አትቀርም አልኳቸው። እነሱ አላመኑኝም። ጋሽ ብርሁን ግን አሳመንኩት፣ አብሮኝ ቀረ።"

ይህን ሲናገር ኮርቶ ነበር። ቦቴው መጥቷላ፣ እሱ ያለው ሆኗላ። ማኅደር ኩባያውን ከእጁ ተቀበለችው። ፊቷ ላይ ያየሁትን ዛሬም አልረሳሁትም። የሄዱት ሁሉ ደህና ነበሩ፤ ልጁን ሊገድለው የነበረው እሷን ማመኑ ነው።

"ቴዲ፣ ስማኝ" አለችው። "ከእንግዲህ ሰው ሲሄድ አብረህ ሂድ። እኔን አትጠብቅ።"

"ላክሽው እኮ" አላት።

"አትጠብቀኝ አልኩህ።"

የተቆጣችው መሰለው። እሷም አጎንብሳ አንገቱ ላይ የደረቀውን አቧራ በነጠላዋ ጠረገችለትና ሌላ ውሃ ልትቀዳ ወደ ጓዳ ገባች።